ልብስ ማስጫው ሽቦ

ደባርቅ ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን ወደነበረ ግቢ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ልብስ ማስጫውን ነው። ከሴቶቹ ክፍል ግድግዳ እስከ ዛፉ የተወጠረው ገመድ ሳይሆን ወፍራም የመዳብ ሽቦ ነበር። ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። ከጣሪያው አጠገብ የሬዲዮ አንቴና የተሸከመ የብረት ምሰሶ ቆሟል፤ መብረቅ ቢወርድበት ወደ አፈር የሚያሳልፈው ሽቦ ግን እግሩ ላይ የለም። የእስረኛ ነጠላ ተሰጥቶበታል።

ሥራዬ ስለነበር ነው ያስተዋልኩት። የፓርኩን መሥሪያ ቤት ሬዲዮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዣለሁ። ክረምት፣ ነጎድጓድ ከስሜን በኩል ሲጀምር የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ፈትቼ ጫፉን በመስኮት አወጣለሁ። ሲያልፍ መልሼ እገጥማለሁ። የታሰርኩትም በዚሁ ነው። አንድ ቀን ገመዱን ባወጣሁበት ሰዓት ታጣቂዎች በጊች በኩል አለፉ፤ የጥበቃ ሠራተኞቹ በሬዲዮ ቢጣሩ መልስ አጡ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የተንጠለጠለውን ገመድ በስልኩ ፎቶ አንስቶ "ሆን ብላ ነው" ብሎ አመለከተ። ገመዱን ሳወጣ "መብረቅ አለ" ያልኩት ለእሱ ለራሱ ነበር።

መርማሪው ሦስት ቀን ያንኑ ፎቶ አሳየኝ።

"ማን አዘዘሽ?"

"ሰማዩ።"

"ቀልደኛ ነሽ።" ልጄ ይሆናል በዕድሜ።

በአምስተኛው ቀን ወደ ጎንደር ሊያሻግሩኝ ነበር። እዚያ ከደረሱ በቶሎ መመለስ የለም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። የሬዲዮው ክፍል ከእኛ የሚለየው በሳንቃ ግድግዳ ነው፤ ዘቡ ሲያወራበት ይሰማኛል። ነጎድጓዱ ሲቀርብ ሳንቃውን ደበደብኩ።

"አንተ! ገመዱን ከሬዲዮው ፍታና በመስኮት አውጣው!"

"አርፈው ይቀመጡ እትዬ፤ ደግሞ የእኛንም ሊቆርጡት ነው?" ሳቀ። ሴቶቹም ሳቁ።

"የምድሩን ሽቦ ልብስ አስጥታችሁበታል። አሁን የመብረቁ መንገድ አንተ ነህ።"

ዘቡ ወደ ሬዲዮው ሲራመድ ሰማሁ።

"ማሰሪያው ወዴት ነው የሚዞረው?"

"ወደ ግራ! አውጣውና ራቅ በል!"

መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። ብዙም አልቆየ፤ በሳንቃው ስንጥቅ ሁሉ ነጭ ብርሃን ገባ፤ ድምፁ ደረቴን መታኝ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ቀጥሎ የሰማሁት ዘቡ የሥላሴን ስም ሲጠራ ነው።

መርማሪው ሲመጣ ዝናቡ አባርቷል። የጠቆረውን የገመድ ጫፍ አገላብጦ አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አየ።

"እርስዎም ለዚህ ኖሯል ያወጡት?"

"ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስልህ ነበር?"

በማግስቱ ጠዋት ወረቀት አመጣ። "በምሕረት ተፈትታለች" ይላል። አልፈርምም አልኩት።

"ምሕረት ላጠፋ ነው። 'ጥፋት አልተገኘባትም' ብለህ ጻፍ።"

"ለመውጣት ምን ለውጥ አለው?"

"እስክትጽፈው እቀመጣለሁ።"

እሱ እስኪጽፍ የሴቶቹን ልብስ አንድ በአንድ አጥፌ አስረከብኳቸው። ሽቦውን ፈትቼ ከምሰሶው እግር ጋር መልሼ አሰርኩት፤ ሌላውን ጫፍ አፈር ውስጥ ከተቀበረው ብረት ጋር አጠበቅሁት። ከዚያ መቀነቴን ፈታሁና በሽቦው ቦታ ወጠርኩላቸው።

"መቀነትዎን ትተው ሊሄዱ ነው?" አለኝ ዘቡ።

"ልብሱ የት ይሰጣ?"

ያ የንብረት ኃላፊ ዛሬም ገበያ ላይ ያገኘኛል። "እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ" ይላል። አልመልስለትም። ልበ ደንዳና ይሉኛል፤ ይበሉ። ወረቀቱ ሣጥኔ ውስጥ ነው።

ሰማዩ በአምባራስ በኩል ሲያጉረመርም ተነስቼ የቴሌቪዥኔን ገመድ እነቅላለሁ። ሲያልፍ መልሼ እሰካለሁ። ማን አዘዘሽ የሚለኝ የለም።