«በአግባቡ» ብዬ የጻፍኩት የእርቅ ውል

ወዳጆቼ ሆይ፣ በእጄ የጻፍኩት የእርቅ ውል ዛሬ ጠዋት በገዛ ደጃፌ ተቀደደ።

የቀደዱት ከጌዶ ወዲያ የሚያርሱት ወንድማማቾች፣ ኦቦ ቶሎሳና ታናሹ ጉደታ ናቸው። በአንድ ምንጭ ተጣልተው፣ አምና በሽምግልና አስታርቀናቸው ነበር።

በእርቁ ዕለት ቃላቸው ግልጽ ነበር፤ እስከ ቀትር የቶሎሳ ከብቶች ይጠጣሉ፣ ከቀትር በኋላ ጉደታ ሽንኩርቱን ያጠጣል። እኔ ግን ከብትና ሽንኩርት ለውል ክብር የማይመጥኑ መስለውኝ «ውኃውን እንደ አስፈላጊነቱ፣ በአግባቡ ይጠቀሙ» ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌዎቹም አጻጻፌን አድንቀው ፈረሙ።

ዘንድሮ ምንጩ ጎደለ፤ ትናንት በዱላ ተማቱ፤ ዛሬ ጠዋት ውሉን ይዘው ደጃፌ መጡ።

«ከብቴ በጥም ሊያልቅ ሲል ቀኑን ሙሉ ባጠጣ አግባብ አይደለም ወይ፣ የኔታ?» አለ ቶሎሳ።

«የእኔስ ሽንኩርት ይድረቅ?» አለ ጉደታ፣ ክንዱ በሻሽ እንደታሰረ። «ሰዓቱን ነግረንዎት ነበር። ስለምን አልጻፉትም?»

ውሉንም ፊቴ ላይ ቀደዱት። በትርጓሜ ቤት አንዱን ቃል «አንድም» እያልኩ በብዙ መንገድ መፍታት ተምሬአለሁ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ግን አንድ ፍቺ ብቻ ነበር።

እንደ ገና ልጻፍላችሁ ብዬ ለመንኳቸው።

«ይብቃን የኔታ፤ ከእንግዲህ የምንገናኘው ፍርድ ቤት ነው» ብሎ ቶሎሳ ወጣ። ጉደታም በሌላ መንገድ ሄደ።

እናንተስ፣ ያማረ ነገር ግን ያልጠራ ቃል ጽፋችሁ ሰው የጎዳችሁበት ጊዜ አለ? ንገሩኝ። እኔ በየገበሬው ሣጥን ውስጥ የተቀመጡትን፣ በዚሁ እጄ የጻፍኳቸውን ሌሎች ውሎች እያሰብኩ ተቀምጫለሁ።