የወልደ አማኑኤል ሃምሳ ሰዓት

ወልደ አማኑኤልን በቀበሌያችን የሚያውቀው ሁሉ «ባሕረኛው» ይለው ነበር። ውርጭ ገብስ በሚያቃጥልበት በእኛ አገር ባሕር ያየ ሰው ብርቅ ነው። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ምጽዋ አካባቢ ቆይቷል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው ወደ መንዝ ከተመለሱት አንዱ እሱ ነው። ሲመለስ ሁለት የፊት ጥርሶቹ አልነበሩም፤ የታችኛው ከንፈሩም የተሰነጣጠቀ መሬት ይመስል ነበር። ራዲዮና የስፌት መኪና እየጠገነ፣ የአባቱን ቁራሽ መሬት እያረሰ ብቻውን ይኖራል። ስለ ባሕሩ የጠየቀው ሰው መልስ አግኝቶ አያውቅም።

እኔ ያን ጊዜ የቀበሌው ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ። ያቀራረበን ወፍጮው ነው።

የእኛ ሰፈር ሴቶች እህላቸውን የሚያስፈጩት ዘመሮ ከተማ ነበር፤ በአህያ ሁለት ሰዓት መሄጃ፣ ሁለት ሰዓት መመለሻ። አህያ የሌላት በጀርባዋ ተሸክማ ትሄዳለች፤ ያም ያልሆነላት በድንጋይ ወፍጮ ጉልበቷን ትጨርሳለች። በ1988 የካቲት ሕዝቡ በግ እየሸጠ ካዋጣው ላይ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጨምሮበት የናፍጣ ሞተር ተገዛ። መኪና እስከ ዘመሮ እንጂ ወደ እኛ አይዘልቅምና ሠላሳ ሁለት ወንዶች ሞተሩን በባሕር ዛፍ ወራጅ አስረው፣ እየተፈራረቁ፣ እንደ ቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ሞተሩን እንዲያንቀሳቅስ የተመረጠው ወልደ አማኑኤል ነበር፤ ሌላ የሚያውቅ ሰውም አልነበረን።

ሞተሩ በመጣ ማግሥት አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ይዞ ቤቴ መጣ።

«መምህር፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት የሚለውን ፈልገህ አንብብልኝ» አለኝ።

አነበብኩለት። አዲስ ሞተር ለሃምሳ ሰዓት ያህል ሙሉ ጉልበቱን እንዳያወጣ፣ መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ በሩብ፣ ከዚያ በግማሽ ጭነት እንዲሠራ፣ ዘይቱም በአሥረኛው ሰዓት እንዲቀየር ይላል። ደግሜ እንዳነብለት ለመነኝ። ሦስተኛ ጊዜም አስነበበኝ።

«ሮዳጅ ነው የሚባለው» አለ። «አዲስ ብረትና አዲስ ብረት እስኪላመዱ ማለት ነው። ይህን ገጽ በአማርኛ ጻፍልኝና ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው።»

ጻፍኩለት። በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ሊያሠራው ወሰነ፤ እሑድና የወሩ በዓላት ሲቀነሱ ከሦስት ሳምንት በላይ ሊወስድ ነው። የወፍጮው ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ማዕረግ ግን በየሰንበቴው «ከመጋቢት መግቢያ ጀምሮ ዘመሮ መውረድ ቀረ» እያሉ አውጀው ነበር።

መጋቢት አምስት ቀን ሞተሩ ተነሣ። ወልደ አማኑኤል የማስነሻውን ብረት፣ ማንቬላውን፣ ሦስት ጊዜ አዞረ፣ ሞተሩ ሳለ፣ ከዚያ በዝግታ ዱግ ዱግ ማለት ጀመረ። ሕዝቡ እልል አለ። እሱ ግን የጎማ ቀበቶውን፣ ቺንጋውን፣ ከወፍጮው ድንጋይ ጋር እንኳ አላገናኘውም። እጁን ሲሊንደሩ ላይ እያስደገፈ ሙቀቱን ሲለካ ዋለ። እህል ይዘው የመጡት እንደያዙት ተመለሱ። በማግሥቱም እንዲሁ። በአራተኛው የሥራ ቀን ለአንድ ቤት አንድ ቁና ብቻ እፈጫለሁ ሲል ጉርምርምታው ወደ ጩኸት ተለወጠ።

«ይህ ነገር ጨዋታ ሆነ!» አሉ አቶ ማዕረግ። «በቀን ሃያ ኩንታል ይፈጫል ተብሎ የመጣ ሞተር በቁና ይለካል? ነዳጁን እስከ መጨረሻው ክፈተው!»

«አቶ ማዕረግ፣ እርስዎ ወይፈን ሲያቀኑ በመጀመሪያው ቀን ጭንጫ መሬት ያርሱበታል?»

«ወይፈን ነፍስ አለው። ይህ ብረት ነው።»

«ብረትም ይነክሳል» አለና ማንቬላውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። «የምትከፍቱት ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። በእኔ እጅ አይከፈትም።»

አቶ ማዕረግ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለሕዝብ የገቡት ቃል ነበር የሚያንገበግባቸው። ዙሪያውን ሲመለከቱ ከሰልፉ መሐል እማማ ጠጄን አዩ።

እማማ ጠጄ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ፈንታ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ፈንታና ወልደ አማኑኤል በአንድ ቀን ተወስደው፣ በአንድ መኪና ተጭነው፣ በአንድ ጦር ሰፈር ያገለገሉ ናቸው። በ1983 ወልደ አማኑኤል ያለ ፈንታ ሲመለስ እናትየው መንገድ ድረስ ወጥተው ጠየቁት። «ተለያየን፤ መጨረሻውን አላየሁም» አላቸው። መርዶ ስላልተነገራቸው አላለቀሱም፣ ጥቁር አልለበሱም። አንዱ የመን ተሻግሯል ይላል፣ ሌላው ሱዳን ታይቷል ይላል። እሳቸውም የልጃቸውን የሱፍ ባና ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ እያሰጡ ይጠብቁ ነበር።

«እኛን ባታፍር እሳቸውን እንኳ እፈር» አሉ አቶ ማዕረግ። «የልጃቸው ጓደኛ አይደለህም? በዚህ ዕድሜያቸው ዘመሮ ይውረዱ?»

እማማ ጠጄ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ቀረቡ።

«ተወው፣ ማዕረግ» አሉ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ እጠብቃለሁ። መጠበቅ ለምጃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይህን ያህል የሚያስፈራህ ምንድን ነው?»

ወልደ አማኑኤል ፊቱን ወደ ሞተሩ መለሰ። ጎንበስ ብሎ ናፍጣውን ዘጋ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንፈስ ብሎ ቆመ። በሕዝቡ መሐል አልፎ ሲሄድ ማንም አልያዘውም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ግቢ ጠብቆ አገኘኝ። የሚለውን ሁሉ ቆሜ ሰማሁት። ሲጨርስ «ነገ መርዶ ልነግር ነው። አብረኸኝ ሁን» አለኝ። አብረን ወደ ደብሩ አገልጋይ ወደ መምሬ መርስዔ ኃዘን ሄድን። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ሐሰትህን ተሸክመህ አምስት ዓመት ቆርበሃል?» አሉት።

«አልቆረብኩም፣ አባቴ። ከመጣሁ ጀምሮ ደጀ ሰላሙን አላለፍኩም።»

በማግሥቱ ሲነጋጋ እማማ ጠጄ ደጃፍ ደረስን። ሦስት ሆነን በዚያ ሰዓት ሲያዩን ገባቸው። በሩን ይዘው ቆሙ። እንደ ልማዱ መርዶውን የሚናገሩት መምሬ ነበሩ፤ ወልደ አማኑኤል ግን ቀደማቸው። ተንበርክኮ ነው የተናገረው።

«እማማ፣ ፈንታ ሞቷል። ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ያላየሁ መስዬ ዋሸሁዎት። እጄ ላይ ነው የሞተው።»

እማማ ጠጄ አልጮኹም። «ንገረኝ» አሉ።

«ለሰፈሩ ወታደር ዓሣ እናጠምድ ነበር። ጀልባችን አሮጌ ናት፤ ከኋላዋ የሚንጠለጠለው ሞተር ግን በዚያ ሳምንት ከሣጥኑ የወጣ አዲስ ነበር። መካኒኩ ‹ለአሥር ሰዓት ያህል ቀስ እያላችሁ፣ ከዳር ሳትርቁ አለማምዱት› ብሎናል። ፈንታም ‹ወልዴ፣ ቀስ በል፤ ነገም ቀን ነው› ብሎኛል። እኔ አልሰማሁትም። የአዲስ ሞተር ድምፅ አሰከረኝ። እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ጀልባዋ ከውሃው ላይ ብድግ ስትል እየሳቅሁ ነበር። ዳሩ ከዓይናችን ከጠፋ በኋላ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ነከሰ። አንድ ጊዜ ጮኸና ደርቆ ቀረ። የማስነሻውን ገመድ እጃችን እስኪደማ ሳብን። ነፋሱ ወደ ውስጥ ወሰደን።»

«ስንት ቀን?»

«አምስት ቀን። የያዝነው ውሃ ለአንድ ቀን ነበር። ፈንታ አንድ ጊዜ እንኳ ‹አንተ ነህ› አላለኝም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዐረፈ። በማግሥቱ ሳንቡክ በሚሉት የሸራ ጀልባ የሚያልፉ ዓሣ አጥማጆች አገኙን። ስሟን የማላውቃት ትንሽ ደሴት ላይ፣ አሸዋ ውስጥ ቀበርነው። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩለት፤ ከዚያ የበለጠ የማውቀው ጸሎት አልነበረኝም።»

እማማ ጠጄ በቀስታ ጠየቁት።

«ውሃ ቀምሶ ነው የሞተው?»

አዎን እንዲል ሁላችንም ተመኘን። እኔ በልቤ «አዎን በል፣ አዎን በል» እያልኩ ነበር። መምሬም መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«አይደለም፣ እማማ። ተጠምቶ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የጮኹት። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ።

ለቅሶው ሦስት ቀን ቆየ። ወልደ አማኑኤል ከአጥሩ ውጭ፣ ከአንድ ጥድ ሥር፣ ራሱን ተላጭቶ ተቀመጠ። ግባ ያለው የለም፤ ሂድ ያለውም የለም። ከዘመድ አንዳንዱ «ነፍስ ገዳይ ደጃችን ምን ይሠራል?» ሲል እማማ ጠጄ ከውስጥ ሰምተው «በልጄ ስም ሌላ ሰው እንዲሞት አልፈልግም» ብለው አስቆሙት። ለእሱ ግን አንዲት ቃል አልላኩም።

በእነዚያም ቀናት ሞተሩን አልተወም። ከለቅሶው ተነሥቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳል፣ ሦስት ሰዓቱን ያሠራዋል፣ ይመለሳል። ሰልፈኛው ያንኑ አንድ ቁና እያስፈጨ ያለ ድምፅ ይሄድ ጀመር። ያልደረሳቸው ሴቶች የተውትን የድንጋይ ወፍጮ አጥበው ተመለሱበት። አሥረኛው ሰዓት ሲሞላ አሮጌውን ዘይት የተቀበሉት አቶ ማዕረግ ናቸው፤ ጣሳውን በገዛ እጃቸው ያዙ። ወልደ አማኑኤል ዘይቱን በሁለት ጣቶቹ አሽቶ ወደ ብርሃን አወጣው። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብናኝ ነበረበት።

«ይህ ሲላመዱ የሚረግፈው ነው» አለ። «ካልወጣ መልሶ ውስጡን ይበላዋል።»

አቶ ማዕረግ ብናኙን ትኩር ብለው አዩትና «በችኮላ ተናግሬሃለሁ» አሉ። እሱ ራሱን ነቅንቆ አዲሱን ዘይት መቅዳት ቀጠለ።

ሃምሳው ሰዓት የሞላው ለፋሲካ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ተንቀጠቀጠ፤ ዱቄቱ እንደ ወንዝ ወረደ። ስለ እማማ ጠጄ ኀዘን እልል ያለ ሰው አልነበረም። ሰዉ ግን እስኪመሽ ሲያስፈጭ ዋለ።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ እማማ ጠጄ ራሳቸው መጡ። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል፣ ጥቁር ለብሰዋል። ለፈንታ ተዝካር የሚሆን ገብስ በሁለት አህያ አስጭነዋል። ተራው ሁሉ ተለቀቀላቸው። ከወልደ አማኑኤል ፊት ቆሙ።

«ምሬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም» አሉት። «አልምርህም ብዬም መሐላ አልገባም። እሱ የእግዚአብሔርና የጊዜ ነው። ውሃ ቀምሷል ብለኸኝ ቢሆን ግን ዛሬ ፊትህን አላይም ነበር። እህሉን ፍጭልኝ።»

ሌላ ሰው ጆንያውን እንዲነካ አልፈቀደም። እሱ ተሸከመ፣ እሱ አፈሰሰ፣ እሱ ሰበሰበ። እማማ ጠጄ በዱቄቱ ብናኝ ውስጥ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩት። ዱቄቱን በመዳፋቸው ዘግነው አሽተው «ልሟል» አሉና አህዮቹን አስነድተው ሄዱ።

ሞተሩ ለጥገና ሳይፈታ፣ ሳይታደስ ብዙ ዓመት ሠራ። ሌሎች ቀበሌዎች አዲስ ሞተር ሲያስመጡ ወልደ አማኑኤልን ይጠሩት ጀመር። ከመሄዱ በፊት «ሃምሳ ሰዓት ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያመነቱ ከሆነ አይሄድም። መምሬ መርስዔ ኃዘን ንስሓ ሰጥተውት ከሁለት ዓመት በኋላ ቆረበ።

መርዶው በተነገረ በዓመቱ፣ የፈንታ ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ፣ እማማ ጠጄ እኔን ልከው አስጠሩት። ደጃፉ ላይ አልቆመም፤ ገባ። ጠላ ቀዱለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«ሞቱን ነግረኸኛል» አሉት። «አሁን ደግሞ ኑሮውን ንገረኝ። ባሕሩ ዳር ሁለት ዓመት ምን ይበላ ነበር? ምን ያስቀው ነበር?»

ወልደ አማኑኤል ከዓሣው ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ሲሰጡት ፈንታ «ይህ ዓይን ያለው ነገር ነው፤ እያየኝ አልበላውም» ብሎ ሦስት ቀን ደረቅ ዳቦ እንደበላ፣ በወሩ ግን የዓሣውን ጭንቅላት እንኳ የማያስተርፍ እንደሆነ ነገራቸው። እማማ ጠጄ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ሲስቁ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ባሕር የሚሉት ነገር ከጓሳ የሣር ሜዳ ይሰፋል?» ብለው ጠየቁ።

«ይሰፋል፣ እማማ። ጓሳ ዳር አለው።»

«ሣርም የለው፣ በግም የለው። ታዲያ ልጄ ምኑን ሲያይ ይውል ነበር?»

ወልደ አማኑኤል ዋንጫውን አስቀመጠ።

«ማለዳ ማለዳ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ወደ ተራራው ያይ ነበር» አላቸው። «‹ከዚያ ኋላ፣ ከዚያም ኋላ አገራችን ነው› ይለኝ ነበር።»

እማማ ጠጄ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዋንጫውን ደግመው ሞሉለት።

«በል ሌላም ንገረኝ» አሉት።

እኔ ተሰናብቼ ወጣሁ። እሱ እዚያው ቀረ።