ከጋቢ ሥር የተሸሸገችው ከረጢት

ወለላ ጎንደር ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የወንዶች ክፍል ነርስ ሆና አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የደጋዋ ኮሶዬ ልጅ ናት፤ የደጋ ሰው ሲታመም እንዴት እንደሚዋሽ አሳምራ ታውቃለች። ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ገብቶ፣ ጎኑን በእጁ ደግፎ «እንዴት አደሩ?» ሲሉት «እግዜር ይመስገን፣ ሸጋ ነኝ» ይላል። አባቷም እንዲሁ ሸጋ ነኝ እያሉ ነው የሞቱት። ጎናቸውን ብርድ መቷቸው ነው ተባለና ሳይታከሙ ቀሩ። ጉበታቸው መግል ቋጥሮ ሊሆን እንደሚችል የጠረጠረችው ነርስነት ስትማር ነው። ያን ቀን ደብተሯን ዘግታ ከክፍል ወጣች።

አያ አድማሴም የዚያው የኮሶዬ ሰው ናቸው። ቆላ ወርደው ስለነበር ወባ ነው ብለው ክኒን ሲውጡ ሰነበቱ፤ አልለቅ ሲላቸው በሰው ተደግፈው መጡ። ዶክተር ምስጋናው በአልትራሳውንድ ቢያያቸው ጉበታቸው ውስጥ ቡጢ የሚያህል መግል ተቋጥሯል። በመርፌ ገብቶ ቀጭን ቱቦ ተከለላቸው፤ መግሉም በቱቦው አድርጎ ከአልጋው በታች ወደተንጠለጠለች የላስቲክ ከረጢት መውረድ ጀመረ። መድኃኒቱም በደም ሥራቸው ይሰጣቸዋል።

ሦስት ቀን ደህና ሄደ። በአራተኛው ቀን ግን ከረጢቷ ባዶዋን ዋለች፣ ትኩሳቱም ተመለሰ። ወለላ ቱቦውን በጨው ውሃ ስታጥበው ያለ ችግር ያልፋል። በአልትራሳውንድ ሲታይ ደግሞ መግሉ እንደገና ሞልቷል።

«እስከ ሰኞ ካልወረደ በቀዶ ጥገና መክፈታችን ነው። ግን አቅማቸው ደክሟል፤ እንዳያመልጡን እፈራለሁ» አለ ዶክተሩ።

ወለላም ፈራች።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የኮሶዬ ሰው ሚኒባስ ሙሉ ሆኖ ለጥየቃ መጣ። የእኛ አገር ጠያቂ መቼስ ከበሽታው አይተናነስም፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ወለላ በሩ ላይ ቆማ ስታይ፣ ጠያቂው ገና ኮሪደሩ ላይ ሲንጫጫ አያ አድማሴ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ከረጢቷን ከአልጋው ሥር አወጧት። ቱቦውን አጣጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ሸጎጧትና ተኙባት።

ጠያቂውን ሁሉ ሐኪም ሊያያቸው ነው ብላ አስወጣችና አጠገባቸው ሄደች።

«ምነው አያ አድማሴ! ራስዎን ሊገድሉ ነው?»

«ቀስ በይ ልጄ፣ ይሰማሉ። አስታማሚና ጠያቂ አይቶ ወሬ እንዳያደርስ ሰሞኑን ስሸሽጋት ነው የሰነበትሁ፤ አንቺ ስትመጪ ብቻ ነው የምመልሳት። ዛሬ ደግሞ ራሱ ሐብተ ማርያም ይመጣል። ልጄን ለልጁ ሰጥቻለሁ፤ ለጥር ቀን ቆርጠናል። ይህን መግል ካየ ዘራቸው በሽታ አለበት ብሎ ቃሉን ያፈርሳል።»

«የዘር አይደለም እኮ! ታክሞ የሚድን ነው።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ። እሱ በምን ያውቃል?»

እንግዲህ እኒህ ናቸው ሰው ሲያስታርቁ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እያሉ የሚመክሩት ሽማግሌ። ወለላ ልትቆጣ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።

«አባቴም ሸጋ ነኝ እያሉ ነው ያለፉት። እኔን አባት ሆኖ የዳረኝ ሌላ ሰው ነው። ልጅዎንስ ማን ሊድርልዎ ነው?»

አያ አድማሴ ከተኙበት ቀና አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጡላት። ቱቦውን አቃንታ ከረጢቷን ከአልጋው በታች ስታንጠለጥላት መግሉ ወዲያው መውረድ ጀመረ።

አያ ሐብተ ማርያም ሲገቡ ከረጢቷ ሩቧ ሞልቷል። የአያ አድማሴ እጅ ወደ ከረጢቷ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። አማቹ ከረጢቷን አዩ፤ ቱቦውን ተከትለው እስከ አያ አድማሴ ጎን ድረስ አዩ። ወለላ የምትይዝ የምትጨብጠው ጠፋት።

«ይህ ሁሉ በሆድህ ሳለ ነው የሠርጉን ቀን ከእኔ ጋር ስትቆርጥ የዋልኸው?»

አያ አድማሴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ምነው ብትነግረኝ? ጥር የትም አይሄድ፤ አንተ ብቻ ዳንልኝ።»

አያ ሐብተ ማርያም ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጋቢው ቱቦውን እንዳይጫነው ጫፉን በእጃቸው ይዘው ዋሉ።

ሰኞ ጠዋት ትኩሳቱ ሠላሳ ሰባት ሆነ፤ ቀዶ ጥገናውም ቀረ። ወለላ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፈችና መድኃኒት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። አባቷ ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያን ጠዋት ግን እንደ ትናንት ሙት አለቀሰቻቸው።