ዞር ብሎ ማየት ክልክል ነው

የአዳማ ባጃጅ ነጂዎች ጃፓኑ በአገሩ ነፍስ አጥፍቶ የሸሸ ነው ይላሉ። ውሸት ነው፤ ድሮ የመቶ ሜትር ሯጭ ነበር፣ አሁን የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነው። ጥፍሩን ግን ችሎት ፊት እንደ ቆመ ሰው ይበላል። ቱታው በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ እንኳ የተተኮሰ ነው፤ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ለመሮጫው መም እጅ ይነሳል።

ዛሬ የዱላ ቅብብል ቡድኑን ይመርጣል። ዘርፉ ዱላውን ይዛ ስትመጣ፣ ተቀባይዋ ፎዚያ ሁለቴ ዞር ብላ አየቻት።

«ሦስተኛ ካየሽ ከቡድኑ ትወጫለሽ» አላት በኮልታፋ አማርኛው።

«ኮች፣ እኔ ሳላይ የተቀበልኩት ነገር ቢኖር ጥፊ ብቻ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«እኔም በአገሬ የዱላ ቅብብል ፍጻሜ ላይ ዞሬ አየሁ፤ ዱላው ወደቀ» አለ። «ሦስቱ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ አያናግሩኝም።»