የእትዬ ሚሊሜትር ምድጃ

የተከራየኋት ክፍል ከአከራዬ ማድ ቤት የምትለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ስለ እሳቸው የማውቀው አብዛኛው ነገር በዚያ ግድግዳ አልፎ የመጣ በመሆኑ፣ የምጽፈው ሁሉ ልክ ነው ብዬ ለመማል አልደፍርም። ጠዋት ድስት ሲነሳ፣ አንድ ወንበር ሲሳብ፣ አንድ ማንኪያ ሲታጠብ እሰማለሁ። ሁለተኛ ማንኪያ ሲታጠብ ሰምቼ አላውቅም።

ሙያቸው ዝናብ መለካት ነው። በወር አንድ ጊዜ ቦርሳቸውን አዝለው ተራራውን ይወጣሉ፤ በአምስት ጣቢያ የተተከሉትን የዝናብ መለኪያዎች እየዞሩ ያነባሉ፤ አራት ሌሊት በድንኳን አድረው በአምስተኛው ቀን ይወርዳሉ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ሰፈርተኛው «እትዬ ሚሊሜትር» ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረቤት በር ላይ ቆሞ «የዛሬውስ ዝናብ ጉድ ነው» ሲል፣ «አሥራ አንድ ነጥብ አራት ነው፤ ጉድ ለመባል ብዙ ይቀረዋል» ብለው ያልፋሉ።

ባለቤታቸው ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ልጃቸው ባሕር ማዶ መርከብ ላይ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ይደውላል። የስልካቸውን ድምፅ ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ ሳልፈልግም እሰማለሁ።

«ደህና ነሽ እማዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«ሌላስ?»

«ሰላም ነው።»

ከዚያ ስልኩ ተዘግቶ ወንበሩ ሲሳብ እሰማለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ዓመት ነበር። ጉልበታቸው ማበጥ በጀመረ ጊዜ ሐኪሙ ከዘጠኝ ኪሎ በላይ እንዳይሸከሙ በወረቀት ጻፈላቸው። እሳቸውም ከቦርሳው ውስጥ ምን ሊቀር እንደሚችል አስበው አስበው፣ ሁለት ኪሎ የሚመዝነውን አሮጌ የላምባ ምድጃ ቤት ትተውት ወጡ። አራት ቀን በደረቅ ብስኩትና በቀዝቃዛ ውሃ ሰነበቱ። እንጨት ቆራጮች ሲያገኟቸው አራተኛው ጣቢያ አጠገብ ተቀምጠው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ስማቸውን እንኳ መናገር አቅቷቸው ነበር አሉ። በሳንቃ ተሸክመው አወረዷቸው።

የሚሠሩበት ቢሮ ኃላፊ በአንድ ወቅት በእሳቸው እጅ ሥራ የተማረ ሰው ነው። ጠርቶ ቁርጡን ነገራቸው። ከዘጠኝ ኪሎ ሳያልፉ፣ በየቀኑ ትኩስ ነገር የሚያበስሉበትን ምድጃ ይዘው መውጣት ከቻሉ መንገዱ የእሳቸው ሆኖ ይቀጥላል፤ ካልቻሉ ለሁለት ወጣቶች ይሰጣል፤ እሳቸውም ቢሮ ገብተው መዝገብ ይገለብጣሉ። ለመጀመሪያው ጉዞ ደግሞ አብሯቸው የሚሄድ፣ ሸክማቸውን ሳይነካ ያየውን የሚጽፍ ሰው ይኑር አለ።

ይህን የነገሩኝ በራፌ ላይ ቆመው ነው። እኔም ከማላውቀው ነገር ውስጥ ገብቼ፣ «ቢሮ ቢቀመጡስ ምን አለበት? ይሞቃል እኮ» አልኩ።

«ተሜ» አሉኝ፤ ተማሪ ስለሆንኩ የሚጠሩኝ እንዲያ ነው። «እዚያ ላይ ብቻዬን የምሆነው ሥራዬ ስለሆነ ነው። እዚህ ብቻዬን የምሆነው ግን ሰው ስለሌለኝ ነው። ልዩነቱን እስቲ መጽሐፍሽ ላይ ፈልጊው።»

ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ስለ ምድጃ ግን ብዙ አገኘሁ። ከቤተ መጻሕፍት የተራራ ተጓዦችን መጽሔቶች ተውሼ፣ ክብደቱን፣ ውሃ የሚያፈላበትን ደቂቃና የሚበላውን ጋዝ በሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። በሕይወቴ አንድም የተራራ ምድጃ ለኩሼ አላውቅም ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።

ቦርሳቸውን ከድንኳን እስከ መርፌ በማድ ቤት ሚዛን መዘንነው። የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ሳይቀር በመጋዝ ቆርጠውታል። ለምድጃና ለጋዝ የተረፈን ሦስት መቶ ሰማንያ ግራም ብቻ ነበር፤ ትንሹ የጋዝ ቆርቆሮ ሙሉ ሲሆን ብቻውን ሁለት መቶ ይመዝናል።

የተጓዥ ዕቃ የሚሸጠው ወጣት ሦስት ምድጃዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረልን።

«ይቺ ድስቷ አብሯት የተሠራ ነው፤ ነፋስ አይበግራትም። አራት መቶ ግራም።»

«መልሳት» አሉ እትዬ።

«ይቺ በሦስት እግሯ መሬት ላይ ትቆማለች፤ ጋዙ በቱቦ ይመጣላታል። መቶ ሰባ።»

ሦስተኛዋ ከክብሪት ቤት አትበልጥም። እግሮቿ እንደ ሸረሪት ይታጠፋሉ፤ የምትገጠመው በቀጥታ በቆርቆሮው አናት ላይ ነው። አርባ አምስት ግራም ብቻ ናት። እትዬ መዳፋቸው ላይ አድርገው ከፍ ዝቅ አደረጓት።

«እማማ፣ እሷ ቆንጆ ናት፤ ነፋስ ግን አትወድም።»

«እማማ አትበለኝ። እኔ አልወለድኩህ።»

ወጣቱ ሳቀ። «እሺ እትዬ። ቤት ውስጥ ሁሉም ጀግና ነው ለማለት ያህል ነው።»

እሳቸው ግን ከእጅ ቦርሳቸው አንዲት ትንሽ ሬዲዮ አውጥተው የሱቁ ሚዛን ላይ አስቀመጡ፤ መቶ ሠላሳ ግራም። ሐኪሙ ክብደት ከወሰነባቸው ወዲህ ቤት ይተዋት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀላሏን ምድጃ ከያዙ ሬዲዮዋም ትገባለች፤ ባለቱቦዋን ከያዙ አትገባም። ዞረው አዩኝ።

«ሰንጠረዥሽ ምን ይላል?»

«የቀለለችው ትሻላለች» አልኩ።

በማግስቱ ማድ ቤታቸው ውስጥ ሞከርናት። መስኮቱን ለአየር ከፈት አድርገን ግማሽ ሊትር ውሃ ጣድን፤ በሦስት ደቂቃ ተኩል ፈላ። ቆርቆሮውን በፊትና በኋላ ስንመዝነው ስምንት ግራም ጋዝ ጎድሎ ነበር። በጉዞው አሥራ ሁለት ጊዜ ይፈላል፤ ዘጠና ስድስት ግራም መሆኑ ነው፤ አንድ አዲስ ቆርቆሮ መቶ ይይዛል። ሂሳቡ እንዲህ ገጥሞ ሳየው ኩራት ተሰማኝ።

ከቢሮው አብሮ የሚወጣ ሰው አልተገኘም። «ዕረፍት ላይ ነሽ አይደል?» አሉኝ እትዬ። «ለምስክርነት ብቻ ነው፤ ወሬም አይጠበቅብሽም።» የራሴን ሸክም አዝዬ ተከተልኳቸው፤ ምግብ ግን የምንበላው ለየብቻችን ነበር። የእኔ ስንቅ እሳት የማይፈልግ ነው፤ ፈተናው የእሳቸው ምድጃ ስለሆነ።

የመጀመሪያው ጣቢያ ራቁቱን የቀረ ሸንተረር ላይ ነው። እትዬ መለኪያውን አንብበው ከጻፉ በኋላ ምድጃዋን ለኮሱ። ሰማያዊው ነበልባል ወዲያው ተጋደመ። ከድስቱ ሥር እየሸሸ በጎን በኩል አየሩን ያሞቅ ጀመር። ድስቷም በዚያ ቁመት ላይ ትወዛወዛለች። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ።

ተራራ ላይ ሚዛን ስለሌለ የጋዙን መጠን የሚያውቁት ቆርቆሮውን ውሃ ላይ በማንሳፈፍ ነው፤ ጋዝ በጎደለ ቁጥር ቆርቆሮው ከውሃው ከፍ ይላል። በሙከራው መጠን፣ ለየአንዱ ማፍላት አንድ አንድ መስመር ጎኑ ላይ አስምረን ነበር። በአንድ ማፍላት የሦስት ማፍላት ጋዝ ሄዷል።

«ዙሪያውን በአንድ ነገር ብንጋርደው?» አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ መጽሔቱ ትዝ አለኝ። «አይሆንም። ሙቀቱ ታፍኖ ጋዙ ይፈነዳል። ድንኳን ውስጥም አይሆንም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።»

«ታዲያ መጽሐፍሽ ምን አድርጉ ይላል?»

«ነፋስ በሌለበት ቦታ ተጠቀሙ ይላል።»

«እንግዲያው ወደ ማድ ቤቴ እንመለሳ።»

ቀልደው እንኳ ፊታቸው አልቀለደም። ሾርባቸውን ጠጥተው ድንኳናቸው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮዋ ተከፈተች። አንድ ዜና አንባቢ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራል። «እንደምን አመሻችሁ» ሲል፣ እሳቸው ቀስ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አመሸህ» አሉት። እኔ የተኛሁ መሰልኩ።

በሁለተኛው ቀን ያሰቡበት ይመስላል፤ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በግማሽ ክብ ደረደሩ፤ ቆርቆሮው እንዳይግል አንዱን ወገን ክፍት ተዉት። ጋዙ በብርድ እንዳይደክም ሲሄዱ ኮታቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። ነበልባሉንም ሙሉ ከመልቀቅ ይልቅ አሳነሱት፤ ትንሹ እሳት ከድስቱ ሥር ሳይወጣ ይቀራል፣ የሚባክነውም ያንሳል። ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ተቀመጡ። ነፋሱ ግን እዚያ ላይ ቁም ነገር የለውም፤ ሲፈልግ ዞሮ በክፍቱ በኩል ይመጣል። እኔም ሳልጠየቅ ሄጄ በዚያ በኩል ተቀመጥኩ። ውሃው በአሥራ ሁለት ደቂቃ ፈላ። ስናንሳፍፈው የጎደለው ሰባት ግራም ያህል ነበር። እስከ መጨረሻው እንዲሁ አደረግን፤ እሳቸው በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን፣ በመካከላችን ደግሞ ያቺ አርባ አምስት ግራም። ጋዙ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ አፍልቶ አለቀ።

እንዲህ ተቀምጠን ብዙም አናወራም ነበር። እኔ ግን ወደድኩት። ይህን ሪፖርቱ ላይ አልጻፍኩም።

የቀረውን ሁሉ ጽፌ ነበር። ኃላፊው ገጹን ቀስ ብሎ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«በክፍቱ በኩል የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ብቻቸውን ቢሆኑስ ኖሮ?»

ወደ እትዬ ዞርኩ። እትዬ አዩኝ፤ በቁጣ አይደለም፤ መለኪያው የሚያሳየውን እንደሚያነብ ሰው ነው ያዩኝ።

«እትዬ፣ እኔ ጠላትዎ አይደለሁም» አለ ኃላፊው።

«ጠላቴ ብትሆንማ ይቀለኝ ነበር። ጠላት ልክ አይሆንም።»

ፈገግ አለ፤ ግን አልተበገረም። «ነፋስ የማይጥላት ምድጃ ይዘው ይምጡ፤ ቦርሳው እዚሁ ይመዘን። ከዘጠኝ ኪሎ አንድ ግራም ቢያልፍ አልፈርምም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ።

«ያየሽውን ነው የጻፍሽው» አሉኝ። «ያላየሽውን ብትጽፊ ኖሮ በሚቀጥለው ወር ብርዱ ራሱ ይጽፈው ነበር።»

«በየወሩ አብሬዎት ብወጣስ?»

«ትምህርትሽስ? ደግሞም ሁልጊዜ ሰው ካስፈለገኝ እሱ ልክ ነው ማለት ነው።»

ባለሱቁ ባለቱቦዋን ምድጃ አውጥቶ የቀድሞዋን ያለ ወቀሳ ተቀበለን፤ ለዚህ አመሰገንኩት። በእሷ ጋዙ ከእሳቱ ርቆ ስለሚቀመጥ ዙሪያዋን መጋረድ ይቻላል። ከዳቦ መጋገሪያ ስስ አሉሚኒየም አሥር ግራም ቆረጥን። ያን ዕለት እስኪመሽ የማድ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክከን ከቦርሳው የሚቀነስ ነገር ፈለግን። ትርፍ ካልሲ አልነበረም። የጉልበት መጠቅለያው አይቀርም። ከመዝገቡ ባዶ ገጾቹ ተቆርጠው ወጥተዋል። እኔ እርሳሱን ብናሳጥረው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፤ እሳቸው ሳቁ። ከዚያ ሬዲዮዋን አንስተው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡና ሚዛኑን እንዳነብ በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

«ልክ ዘጠኝ ሺህ ግራም» አልኩ።

ኃላፊው ፈረመ። በወሩ መጀመሪያ ብቻቸውን ወጡ። አምስት ቀን ከግድግዳው ማዶ ምንም አልሰማሁም፤ ማንበብ ያቃተኝም ያን ሰሞን ነው።

ሲመለሱ ጉልበታቸው ደህና ነበር፤ ፊታቸውም በነፋስ ተቃጥሎ ጤነኛ ይመስላል። ምድጃዋ አንድም ጊዜ እንዳልጠፋች፣ ጋዝም ተርፎ እንደመጣ ነገሩኝ። ቦርሳቸውን ሲፈቱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ማታ ማታስ ያለ ሬዲዮ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እሳቷን አሳንሼ እለኩሳታለሁ። ፍስስ ትላለች። ሩብ ሰዓት ያህል አዳምጣታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውሃው ይፈላል» አሉ። «ጋዝ አይባክንም። እዘጋታለሁ።»