ፈቃድ የሚጠብቁት ሽማግሌ

ከፍሉግሃፈን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው፣ የጠዋት ሥራዬን ጨርሼ ቦናመስ ወዳለው ቤቴ ስገባ አባቴን ወጥ ቤት አገኘሁት። ኮቱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ፊት ለፊቱ አንድ ባዶ ወንበር ስቦ ተቀምጧል።

«እንግዳ ነበረህ እንዴ አባዬ?» አልኩት።

«ባለጉዳይ ናቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስቲ ውሃ ስጫቸው። ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቁ ነው።»

ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም። ማንን እንደሚል ግን ወዲያው ገባኝ።

አባቴ በወጣትነቱ የጠረፍ ወረዳ ገዥ ነበር። ከአዲስ አበባ ተሹሞ ቆላ ሲወርድ መንገድም ቢሮም አልነበረም። ባንዲራ ሰቀለ፣ ፖሊስ ጣቢያና ትምህርት ቤት አሠራ፣ ግብር አስገባ፣ በከብት ዝርፊያ የተጋደሉትን አስታረቀ። ካርታው ላይ ወንዙ ድንበር ነው፤ ለአገሬው ሰው ግን የመንደሩ መሃል ነበር። እዚህ ዳር የሚያርስ፣ ማዶ የሚያገባ ሕዝብ ነው። ዝርፊያው ሲብስ አባቴ ማንም ያለ ፈቃድ ወንዙን እንዳይሻገር ከለከለ።

ልጅ ነበርኩ፤ ቢሮው በረንዳ ላይ እጫወት ነበር። አንድ ቀን ቀጠን ያሉ ረጅም ሽማግሌ መጡ። አስተርጓሚው፣ «ጌታዬ፣ ወንድሜ ማዶ ሞቷል፤ ሄጄ ልቅበረው ነው የሚሉት» አለ።

«ይጠብቅ በለው» አለ አባቴ። «አውራጃውን በሬዲዮ ጠይቄ ነው።»

መልስ አልመጣም። ሽማግሌው ቢሮው ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ይውላሉ። እናቴ በጣሳ ውሃ ስትወስድላቸው ደረታቸውን በእጃቸው ነካ አድርገው ይቀበሏታል። አባቴ በአጠገባቸው ሲያልፍ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ ያደርግ ነበር። ከዚያ ደጋ ላይ ዝናብ ጣለና ወንዙ ሞላ። በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ሥር ማንም አልነበረም። ሬሳቸውን ፖሊሶች ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ አወጡት።

እራት ላይ እናቴ፣ «ሰውዬው እኮ የጠየቁህ ወንድማቸውን አፈር ማልበስ ነው» አለችው። አባቴ እጁን ታጥቦ ተነሣ። ፈቃዱ ይምጣ አይምጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ወደ አውራጃ ተዛወረ፤ በሹመትም ከፍ አለ። አብዮቱ ሲፈነዳ ታሰረ። የታሰረው የድሮው መንግሥት ሹም በመሆኑ ነበር፤ ስለ ወንዙ የጠየቀው አልነበረም። ተፈትቶ ዓመታት በመምህርነት ኖረ። እናቴ ስትሞት ወደ እኔ አመጣሁት።

ከወጥ ቤቱ ቀን በኋላ ሽማግሌው ሳሎንም መምጣት ጀመሩ። ሐኪም ጋ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ይዤ አባቴን ወሰድኩት፤ የመርሳት በሽታ ነው አሉኝ። እኔ ግን መርሳቱን ብቻ አይደለም ያየሁት። የእኔን ስም ሲረሳ የእሳቸውን ፊት አልረሳም። ልጄ አንድ ቀን በጀርመንኛ፣ «ኦፓ፣ ዳ ኢስት ኒማንድ» አለችው፤ አያቴ፣ እዚያ ማንም የለም ማለቷ ነው። እሱ ግን የሚያልፍ ሰው እንዳለ ሁሉ እግሩን ሰበሰበ።

ሲጨንቀኝ፣ «አባዬ፣ ፈቃዱ መጥቷል፤ ይሻገሩ በላቸው» አልኩት።

«በማን ትእዛዝ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞሮ፣ «እኔው ነበርኩ መፍቀድ የነበረብኝ» አለ።

ብርዱ ለቀቅ ባለበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው፤ በሩ ተከፍቷል። ስሮጥ ሄጄ በሰፈራችን በኩል የሚያልፈው ኒዳ ወንዝ ድልድይ ላይ አገኘሁት። አንድ ክንዱን አጥፎ፣ ሰው ደግፎ እንደሚሄድ ቀስ እያለ ይራመዳል።

«ያዳልጣል፣ ቀስ ይበሉ» ይላል። «ይቅደሙ አባቴ።»

በዚያ ወረዳ በኖርንበት ዘመን ለአገሬው ሰው አንቱ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሳልጠራው ከኋላው ተከተልኩት።

ማዶ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ሣሩ ላይ ቆመ። ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ዞር እያሉ ያዩናል። «እንሂድ አባዬ፣ ይበርድሃል» ስለው፣ «ቀብሩ ሳያልቅ?» አለኝ። አጠገቡ ቆምኩ። ምን እንደሚያይ አላውቅም፤ ግን እንባው ይወርድ ነበር።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እጁን ሰጠኝ። ድልድዩ መሃል ላይ ዞር ብሎ አየና፣ «እሳቸው እዚያው ቀሩ» አለ።

ከዚያን ቀን በኋላ ከሽማግሌው ጋር ሲነጋገር አልሰማሁትም። ነገሩ አልቋል ብዬ ነበር። ነገር ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር በረንዳው መስኮት ጋ ይቆምና፣ «ውሃው ሞልቷል?» ይለኛል። እስኪሞት ድረስ ይህን መጠየቁን አልተወም።

«አልሞላም አባዬ» እለዋለሁ። አንዳንዴ ግን ወንዙ ሞልቶ ነበር።