በሳምንት ሦስት አንሶላ

የተማሪዎች ማደሪያችን ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው። በሰው አገር ብዙ ነገር ግራ ያጋባል፤ የዚያ መስኮት ሕግ ግን ግልጽ ነበር፤ ማክሰኞ ማክሰኞ የቆሸሸውን አንሶላ ታስረክባለህ፣ የታጠበውን ትረከባለህ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችውን ያገራችንን ሴት ፊት ለፊት “እትዬ”፣ በሌለችበት “ዳኛዋ” እንላታለን። ከቀኑ ውጭ ሰበብ ይዞ የመጣ ሁሉ ተፈርዶበት ይመለሳላ። “ሻይ ፈሶብኝ ነው” ያላትን አሽትታ ቡና መሆኑን ትነግረዋለች።

እኔ ያኔ የሕክምና ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። ስለ ሳንባ ብትጠይቁኝ ገጽ ሳልስት አነበንብ ነበር። የጎረቤቴ የሎጋው ሳል ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ ግን ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ ነው የማጠናው። ሎጋው ያልነው በቁመቱ ነው፤ በነፃ የትምህርት ዕድል ምህንድስና ሊማር የመጣ ዝምተኛ ልጅ።

አንድ ማክሰኞ ሎጋው በሰባት ቀን ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ አንሶላ ሊቀይር መጣ። እኔ ከኋላው ተሰልፌያለሁ፤ ፍርዱን ለመስማት ቸኩያለሁ። ዳኛዋ ግን ሳትፈርድ አንሶላውን በእጇ ዳበሰችው። ውጭው በረዶ ነው፤ አንሶላው በላብ ርሷል። ወንድሟ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት አንሶላውን ያጠበችው እሷ ነበረች፤ መጽሐፍ አላስፈለጋትም። መስኮቱን ዘግታ ወጣችና ክሊኒክ እንሂድ አለችው።

እንቢ አለ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለ፤ ቀጥሎ ፈተና አለብኝ አለ፤ ጨንቆት እውነቱን አወጣው፤ በሽታው ከታወቀ ትምህርቱን አስቋርጠው ወደ ቤቱ የሚሰዱት መስሎታል። ይህን ያልፈራ ማን አለ? ክሊኒኩ የተከፈተው ለእኛው፣ ሕክምናው በነፃ፤ እኛ ግን በደጁ ስናልፍ ሳላችንን እንውጣለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት አጥተነው አይደለም፤ እያወቅን ነው የምንደብቀው።

“እኔ አውቃቸዋለሁ” አለችው ዳኛዋ። “ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ታሞ የተባረረ ተማሪ የለም። ና፣ ቅደም።”

ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነበር። ሄደ፤ እኔም እያፈርኩ ተከተልኳቸው።

ራጅ ተነሣ፣ አክታ ሰጠ። በማግስቱ ለውጤት ሦስታችንም ተመልሰን ሄድን፤ እንደፈራነው ሳንባ ነቀርሳ ነው። ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳችው፤ ስድስት ወር መድኃኒት ይወስዳል፣ ይድናል፤ ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው ክፍል ይሰጠዋል፤ ፈተናውም ይዛወርለታል። ሎጋው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

“መቼ ነው የምሄደው?”

“ወዴት?” አለች ነርሷ። የምሯን ግራ ገብቷት ነበር። ሲገባት ወንበሯን አስጠግታ፣ የሚታከመውም የሚማረውም እዚሁ እንደሆነ፣ የበሽታውም ነገር ከትምህርት ዕድሉ ጋር እንደማይገናኝ ነገረችው። ሎጋው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም እፎይ አልኩ።

ከዚያ ነርሷ ወደ እኛ ዞረች። አብረነው የዋልን ሁሉ መመርመር አለብን። የእትዬን ካርድ ፈለገች፣ አጣችው፤ ደግማ ፈለገች። እትዬ አቀርቅራ ካርድ አውጥታ እንደማታውቅ ተናገረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ገብታ አታውቅም። ታማሚ ከተባልኩ ከሥራዬ እባረራለሁ ብላ፣ ያበጠ ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ብቻ ነበር የምታስታግሰው። በኋላ ተመርምረን ሁለታችንም ከበሽታው ነፃ ሆነን ተገኘን፤ ለጉልበቷም መድኃኒት ታዘዘላት።

ያን ዕለት ግን ነርሷ የካርድ ቅጽ ልታመጣላት ስትወጣ ሎጋው ቀና አለ።

“እትዬ፣ ታዲያ እንደማያባርሩኝ በምን አወቅሽ?”

“አላወቅሁም” አለችው። “ቢሰዱህም እናትህ ቤት በእግርህ ትገባለህ ብዬ ነው።”